ፍጥነቱ እያለ ድምፁ ለምን ይቆራረጣል? የቤት ኢንተርኔት የስልክ ጥሪን ለማስተካከል የሄድኩበት መንገድ

በቤት ኢንተርኔት የሚደረግ የስልክ ጥሪ ሲቆራረጥ፣ ከጎረቤትም ከሥራ ባልደረባም የሚሰነዘረው የመጀመሪያ ምክር «ፓኬጁን ከፍ አድርጊው» የሚል ነው። ምክሩ የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ በእኔ ቤትና ከዚያም በኋላ ችግራቸውን አብሬ ባየሁላቸው ዘመዶቼ ቤት ግን የጥሪውን ድምፅ ያበላሸው የፍጥነት ማነስ አልነበረም። ድምፁ የሚበላሽበት ቦታ ከስልኩ ወይም ከኮምፒውተሩ ጀምሮ እስከ ባሕር ማዶ ባለው መንገድ ላይ በየትኛውም ስፍራ ሊሆን ስለሚችል፣ ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መንገዱን ከፋፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው መፈተሽ ይገባል። እኔ ይህን ያደረግኩበትን ሁኔታ፣ ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው ሊከተለው እንዲችል አድርጌ ጽፌዋለሁ።

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤቴ መሃል ከተማ በመሆኑና ጠዋትና ማታ በመንገድ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ብዙ በመሆኑ፣ የተወሰኑ ቀናት ከቤት ሆኜ እንድሠራ ተፈቅዶልኛል። ለዚህም ሲባል የቢሮዬ የውስጥ የስልክ ቁጥር በላፕቶፔ ላይ በተጫነ መተግበሪያ አማካይነት ቤቴ ድረስ እንዲደርስ ተደርጓል፤ ደንበኛ ወደ ቢሮው ሲደውል የሚጮኸው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። አብራኝ የምትኖረው እናቴ ደግሞ በዚያው መስመር አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ካለችው እኅቴ ጋር በዋትስአፕ ትነጋገራለች። ሁለቱም ጥሪዎች ይበላሹ ነበር፤ የሚበላሹበት መልክ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም፣ ምክንያቱን ለመለየት የረዳኝም ይኸው ልዩነት ነው።

በቅድሚያ ሒሳቡን መመልከት ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም «ፓኬጅ ጨምሪ» የሚለውን ምክር ለመመዘን ያስችላል። ጂ.711 በሚባለው ቆየት ያለ ስልት፣ የሰው ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፣ እያንዳንዱም ልኬት በ8 ቢት ይመዘገባል፤ ይህም በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ይሆናል። ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ እየተከፈለ በሰከንድ 50 ፓኬት (ትንንሽ የመረጃ ጥቅል) ሆኖ ስለሚላክ፣ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የሚታከለው የአድራሻ መረጃ ሲደመር ወደ 87 ኪሎ ቢት ገደማ ይደርሳል። ጂ.729 የሚባለው ስልት ድምፁን በ8 ኪሎ ቢት ብቻ ያስተናግዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደረጃው የወጣለት ኦፐስ ደግሞ እንደ መስመሩ አቅም ከ6 ኪሎ ቢት ጀምሮ ከፍና ዝቅ ማለት ይችላል። እንግዲህ 10 ሜጋ ቢት የሚከፈልበት መስመር፣ በሚቀበልበት አቅጣጫ በቁጥር ብቻ ከታየ፣ በአንድ ጊዜ ከመቶ በላይ ጥሪዎችን ይሸከማል ማለት ነው፤ እኔ ግን አንዷን ጥሪ እንኳ በወጉ መጨረስ አቅቶኝ ነበር።

ለድምፅ ከመስመሩ ስፋት ይልቅ የሚያስፈልገው ወቅቱን ጠብቆ መድረስ ነው። ፋይል ሲወርድ የጠፋው ፓኬት እንደገና ይላካል፤ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይም ፋይሉ አይጎድልም። በጥሪ ላይ ግን ዘግይቶ የደረሰ የድምፅ ቁራጭ መሰማት የነበረበት ቅጽበት ስላለፈ ከጠፋው አይለይም፤ የጥሪ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የጠፋውን መልሶ በማይልከው በዩዲፒ ሥርዓት የሚጓዘውም ለዚህ ነው። ተቀባዩ መሣሪያ የሚደርሱትን ቁርጥራጮች ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ አጠራቅሞ በእኩል ልዩነት ያሰማቸዋል፤ የአደራረሳቸው መለዋወጥ፣ ባለሙያዎቹ ጂተር የሚሉት፣ ከዚህ ማጠራቀሚያ አቅም ሲያልፍ ቃላት ይጎመዳሉ። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 በተሰኘው ምክረ ሐሳቡ፣ ድምፅ ከተናጋሪው እስከ ሰሚው ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ካልበለጠ ንግግር ያለ ችግር እንደሚካሄድ፣ ከ400 ሚሊ ሰከንድ ማለፍ ግን እንደማይገባው ያስቀምጣል። በስልካችን ላይ የምናሄደው የተለመደ የፍጥነት መለኪያ በትልቅ ፊደል የሚያሳየን የሜጋ ቢቱን ቁጥር በመሆኑ፣ ስለ እነዚህ ነገሮች ብዙም አይነግረንም።

መሣሪያ ከመንካቴ በፊት ጥሪዎቹን እያዳመጥኩ መመዝገብ ጀመርኩ። የመዘገብኩት ሰዓቱን፣ ማን ማንን መስማት እንዳቃተውና በዚያው ጊዜ ቤት ውስጥ ሌላ ምን እየተደረገ እንደነበረ ነው። ከሁሉም የሚጠቅመው የመካከለኛው ጥያቄ ነው። እኔ ደንበኛውን ጥርት ባለ ድምፅ እየሰማሁት እሱ ግን «ይቅርታ፣ ድምፅዎ ይቆራረጣል» ካለኝ፣ የተጎዳው ከቤቴ ወደ ውጭ የሚወጣው አቅጣጫ ነው፤ የተገላቢጦሹ ከሆነ ደግሞ የሚገባው። በእኔ የቢሮ ጥሪዎች ላይ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚቸገረው ደንበኛው ነበር። በእናቴ ጥሪዎች ላይ ግን ሁለቱም ወገኖች ይሰማማሉ፣ ነገር ግን አንዷ ተናግራ ስትጨርስ ሌላዋ ዘግይታ ስለምትጀምር ንግግራቸው ይጋጫል፤ እናቴ «ቆይ አንቺ ተናገሪ»፣ እኅቴም «አይ እማዬ አንቺ ቀጥዪ» ሲባባሉ ጊዜው ያልቃል። የመጀመሪያው የፓኬት መጥፋት ወይም መለዋወጥ ምልክት ሲሆን፣ ሁለተኛው የመንገድ መርዘም ምልክት ነው። ድምፁ የብረት ቃና ካመጣ፣ ተቀባዩ መሣሪያ የጠፋውን ቁራጭ ቀደም ባለው ድምፅ ለመሙላት እየሞከረ ነው ማለት ነው። የራስን ድምፅ መልሶ መስማት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከወዲያኛው ወገን ነው፤ የእሱ ማይክሮፎን ከእሱው ድምፅ ማጉያ የሚወጣውን ድምፅ እየያዘ ስለሚመልሰው፣ በዚያ በኩል ያለው ሰው የጆሮ ማዳመጫ ሲሰካ ይጠፋል። በዚህ ላይ ራውተር እየነካኩ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

ቀጥሎ መንገዱን መከፋፈል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ያለው የፒንግ ትዕዛዝ ነው፤ ወደ አንድ አድራሻ አጭር መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደደረሰ ያሳያል። ሦስት የትዕዛዝ መስኮቶችን ጎን ለጎን ከፍቼ፣ አንዱ ወደ ቤቴ ራውተር፣ ሁለተኛው ከቤቴ ወጥቶ ወደሚገኘው የአገልግሎት ሰጪው የመጀመሪያ መሣሪያ፣ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ሩቅ አድራሻ ሳያቋርጡ እንዲጠይቁ አደረግኩ። የራውተሩ አድራሻ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ሲሆን በጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል፤ ሁለተኛውን መረጃው የሚያልፍባቸውን መሣሪያዎች በየተራ በሚዘረዝረው የትሬስራውት ትዕዛዝ ማግኘት ይቻላል፤ ለሦስተኛው የጎግልን 8.8.8.8 ተጠቀምኩ። ጥሪ እያደረግኩ መስኮቶቹን ስመለከት፣ ድምፁ በተበላሸበት ቅጽበት የትኛው መስኮት ቀድሞ እንደተናጋ፣ ማለትም መልሱ እንደዘገየ ወይም እንደጠፋ፣ ይታያል። የመጀመሪያው ከተናጋ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ጸንቶ ሁለተኛው ከተናጋ ችግሩ በመስመሩ ወይም በራውተሩ መውጫ ላይ ነው፤ ሁለቱ ጸንተው ሦስተኛው ብቻ ከተናጋ ከእኛ አቅም ውጭ ወዳለ ስፍራ እንመለከታለን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ የአገልግሎት ሰጪ መሣሪያዎች ሌላ ሥራ ስለሚያስቀድሙ ለፒንግ የሚሰጡትን መልስ ያዘገያሉ ወይም ይተዋሉ። መካከለኛው መስኮት ብቻውን ተበላሽቶ ሦስተኛው ንጹሕ ከሆነ እንደ ብልሽት አይቆጠርም።

በመጀመሪያው መስኮት ላይ ብዙ ነገር ታየ። በዋይፋይ ስገናኝ ከራውተሩ የሚመጣው መልስ አንዴ 3፣ አንዴ 250 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፣ አልፎ አልፎም ጭራሽ ይጠፋል፤ ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል ካያያዝኩት በኋላ ግን መልሱ ከ1 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። ራውተሩ የተቀመጠው ገመዱ በገባበት በመግቢያው በር ጀርባ፣ ከብረት የተሠራው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን አጠገብ ነበር፤ በእሱና በመኝታ ክፍሌ መካከል ደግሞ የኮንክሪት ምሰሶና ሁለት የብሎኬት ግድግዳዎች አሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሌላው ችግር የጎረቤት ዋይፋይ መብዛት ነው። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ እርስ በርሳቸው የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ሲሆኑ፣ የዋይፋይ መመርመሪያ መተግበሪያ ከፍቼ ስመለከት በብሎካችን ውስጥ አብዛኛው ሰው በ6 ላይ ተከማችቶ ነበር። ራውተሩን ወደ ሳሎኑ መሃል ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ አዛውሬ፣ ቻናሉን ወደ 11 ቀይሬ፣ ቅርብ ያሉትን ስልኮች ወደ 5 ጊጋ ኸርዝ አሸጋገርኩ። ለሥራ ጠረጴዛዬ ግን ይህ ሁሉ አልበቃኝም፤ ኬብል ገዝቼ በግድግዳው ጥግ በኩል አስዘረጋሁ። ከማንኛውም የዋይፋይ ማስተካከያ ይልቅ ኬብል ይሻላል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። እግረ መንገዴን ለመጠቆም ያህል፣ የብሉቱዝ ማዳመጫዎችም በዚያው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ባለ ገመድ ማዳመጫ ጉዳዩን ያቀልለዋል።

ኬብሉ ከተዘረጋ በኋላ የመጀመሪያው መስኮት ጸና፤ ደንበኞቼ ግን አሁንም በተወሰኑ ሰዓታት አይሰሙኝም ነበር። የችግሩ ዋና ክፍል እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልግለጸው። የእኔ መስመር ከውጭ የሚቀበለው ወደ 10 ሜጋ ቢት ሲሆን፣ ወደ ውጭ የሚልከው ግን ወደ 2 ሜጋ ቢት ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ያለ አንድ ስልክ ቪዲዮ መላክ ሲጀምር ይህን መውጫ ሙሉ በሙሉ ይይዘዋል። ራውተሩም የተትረፈረፈውን ከመጣል ይልቅ በማጠራቀሚያው ይይዘዋል፤ ማጠራቀሚያው 250 ኪሎ ባይት ብቻ ቢይዝ እንኳ፣ ይህ 2 ሜጋ ቢት ስለሆነ ተራውን ለማሟጠጥ ሙሉ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። የእኔ የድምፅ ፓኬት በመጣ ጊዜ ከዚህ ሁሉ ኋላ ይሰለፋል፤ በማታ የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት ፌስታል ብቻ የያዘ ሰው ጆንያ ከደረደሩት ሁሉ ኋላ እንደሚቆም ማለት ነው። በሰልፉ መካከል ያለፈው አንድ ሰከንድ፣ ቀደም ብዬ ከጠቀስኩት የ400 ሚሊ ሰከንድ ጣሪያ ከእጥፍ በላይ ነው። ባለሙያዎች ይህን ችግር ባፈርብሎት ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ጉዳዩን በስፋት ያስተዋወቀው ጂም ጌቲስ የተባለው ባለሙያ ሲሆን፣ እሱም ያስተዋለው በገዛ ቤቱ መስመር ላይ ነበር።

ይህን ለመፈተሽ የሚያስፈልገው ቀላል ሙከራ ነው። ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት ወደ 8.8.8.8 ፒንግ እያደረጉ ቁጥሩን መመልከት፣ ከዚያም ከአንድ ስልክ ትልቅ ቪዲዮ ወደ ቴሌግራም መላክ መጀመርና ቁጥሩን እንደገና ማየት ነው። በጥቂት አሥር ሚሊ ሰከንድ ብቻ ከጨመረ መልካም ነው። በእኔ ቤት ቪዲዮው እንደጀመረ ቁጥሩ ወደ ሺህ ተጠጋ፣ ቪዲዮው ሲያልቅም ወዲያው ወደ ነበረበት ተመለሰ። የፓኬጅ መጨመር ጉዳዩን የማይፈታውም እዚህ ላይ ነው፤ የስልክ የፎቶ ምትኬ የሰጡትን መውጫ ያህል ስለሚወስድ፣ መውጫው ቢሰፋ ቶሎ ይጨርሳል እንጂ እየላከ ባለበት ጊዜ ሰልፉ አይቀርም።

ከማስታወሻዬ ጋር ሳስተያየው የመበላሸቱ ሰዓት ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ላይ ሆነ። መስመሩን የምጋራው በጎኔ ካሉት ጡረተኛ ጎረቤቴ ጋር ስለሆነ በራቸውን አንኳኩቼ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔቱን ለምን ይጠቀሙበታል?» ስላቸው «እኔ ምን እጠቀማለሁ ልጄ፣ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነው፤ በዚያ ሰዓት እንደውም አረፍ እላለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ነገር ግን ስልካቸው ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከዕድር ተመልሰው ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኘ፣ ያነሧቸውን ፎቶዎችና ቪዲዮዎች በራሱ ወደ ጎግል ፎቶ መላክ ይጀምራል። «ኢንተርኔቱን አልከለክልዎትም፤ ይህን ብቻ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ቢከፍቱት» ብዬ አሳየኋቸው፣ እሳቸውም በደስታ ተስማሙ። የእናቴ ስልክም ያንኑ ያደርግ ስለነበር በተመሳሳይ መንገድ አስተካከልኩት።

ይሁን እንጂ ጥሪን በጎረቤት መልካም ፈቃድ ላይ ብቻ ማቆም አይቻልም። ቋሚው መፍትሔ ራውተሩ ሰልፉን እንዲያስተዳድር ማድረግ ነው። አንዳንድ ራውተሮች በቅንብራቸው ውስጥ ኪዎኤስ የሚል፣ ለየትኛው መረጃ ቅድሚያ እንደሚሰጥ የሚወስን ክፍል አላቸው፤ አገልግሎት ሰጪው በሰጠኝ ራውተር ላይ ግን ይህ ክፍል ተቆልፏል። ስለዚህ ኦፕን ደብልዩአርቲ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር የሚቀበል ያገለገለ ራውተር ፈልጌ ገዛሁና ከነባሩ ኋላ አስገባሁት፤ ሌሎቹን መሣሪያዎች ሁሉ ከእሱ ጋር አገናኘሁ። በእሱ ላይ ኤስኪውኤም የሚባለውን አገልግሎት ከፍቼ፣ ኬክ የተባለውን የሰልፍ ማስተዳደሪያ ስልት መረጥኩ፤ ኤፍኪው-ኮደል የሚባለውም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ቁልፉ ነገር የፍጥነት ገደቡን በተጨባጭ ከተለካው በታች ማድረግ ነው። መውጫዬ 2 ሜጋ ቢት ስለሆነ ገደቡን 1.7 ላይ አደረግኩት፤ እንዲህ ሲሆን ሰልፉ የሚፈጠረው እኔ በማዝዘው ራውተር ውስጥ እንጂ ከእሱ ማዶ ባለው በማልቆጣጠረው መሣሪያ ውስጥ አይደለም፣ እሱም ጥቂት የሚልኩትን፣ ለምሳሌ ድምፅን፣ ብዙ ከሚልኩት ኋላ አያስቆምም። ከፍጥነቱ የተወሰነውን አሳልፎ መስጠት ለብዙ ሰው ኪሳራ ይመስለዋል። እኔ ግን ቪዲዮ እየተላከ ፒንጉ ከ60 ሚሊ ሰከንድ ብዙም እንደማይርቅ ካየሁ በኋላ አልጸጸትም። መስመሩ እንደ ሰዓቱ ፍጥነቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ገደቡ ከዝቅተኛው መጠን ጋር እንዲመጣጠን ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በሚደክምበት ሰዓት ሰልፉ ወደ ድሮው ቦታ ይመለሳል።

በቢሮው መተግበሪያ ላይ ሌላ የተለየ ብልሽትም ነበር፤ አንዳንድ ጥሪዎች ከተነሡ በኋላ በአንድ ወገን ዝም ይላሉ፣ ወይም ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተው ይቋረጣሉ። ይህ ከድምፅ ጥራት ጋር አይገናኝም። ኤስአይፒ የተሰኘው ጥሪ የማገናኛ ሥርዓት፣ ጥሪው መነሣቱን የሚያረጋግጠው መልእክት ካልደረሰው በ32 ሰከንድ ገደማ ሙከራውን ያቆማል፤ በተመሳሳይ ሰከንድ ላይ የሚደጋገም መቋረጥ ሲታይ ወደዚህ ይጠቁማል። በብዙ ራውተሮች ላይ ኤስአይፒ ኤኤልጂ የሚባል፣ እነዚህን መልእክቶች መንገድ ላይ ከፍቶ የሚያርም አገልግሎት አለ፤ ለመርዳት የታሰበ ቢሆንም ብዙ ጊዜ አድራሻውን ያዛባዋል። እሱን ስዘጋው፣ የቢሮዬ የአይቲ ባለሙያም መተግበሪያው በአጭር ጊዜ ልዩነት ምዝገባውን እንዲያድስ ሲያስተካክልልኝ ችግሩ ቆመ።

የእናቴ ጥሪ ግን በሌላ ምክንያት ነበር የሚዘገየው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን አካባቢ በአየር መስመር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ለመሄጃ ብቻ ወደ 58 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። እውነተኛው መንገድ በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ጠረፍ ወርዶ በባሕር ውስጥ ገመዶች ስለሚዞር ከዚህ ይረዝማል። ይህ የማይቀር ነው፤ የእናቴ ስልክ ግን በላዩ ሌላ መዘግየት ጨምሮበት ነበር። በ2015 ዓ.ም. አንዳንድ የማኅበራዊ ሚዲያ መተግበሪያዎች ለወራት ተገድበው በነበረበት ጊዜ የተጫነ ቪፒኤን በስልኳ ላይ እስካሁን ይሠራ ነበር፤ ጥሪው በሙሉ ወደ እኅቴ ከመሄዱ በፊት በሌላ አህጉር ወዳለ ማዕከል ይዞር ነበር። ቪፒኤኑን ስዘጋው መጋጨቱ በግልጽ ቀነሰ። በዋትስአፕ የግላዊነት ቅንብር ውስጥ በጥሪ ጊዜ የአይፒ አድራሻን የሚደብቅ ምርጫ፣ በቴሌግራም ደግሞ ቀጥታ ግንኙነትን የሚከለክል ምርጫ አለ፤ ሁለቱም ጥሪውን በኩባንያዎቹ ማዕከል በኩል ስለሚያዞሩ ጥራቱን ሊቀንሱት ይችላሉ። አድራሻውን ለመደበቅ ምክንያት ያለው ሰው እንደበራ ይተወው፤ የእናቴን ግን ዘጋሁት። ሁለቱም መተግበሪያዎች በጥሪ ጊዜ ዳታ የሚቆጥብ ምርጫ አላቸው፤ በደካማ መስመር ላይ ቪዲዮውን ትቶ ይህን ማብራት ይጠቅማል።

ከባሕር ገመዶች ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ ችግር ደግሞ ከቤት ሊጠገን አይችልም። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር በቀይ ባሕር ውስጥ የሚያልፉ በርከት ያሉ ገመዶች ተጎድተው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የአገር ውስጥ ጥሪዎች ጥሩ ሆነው የውጭዎቹ ብቻ ስለሚጎተቱ በሦስተኛው መስኮት ላይ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ ራውተሩን መነካካቱን ትቶ መጠበቅ ነው።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ቤት ውስጥ ማንም ሳይጠቀም በሁለተኛው መስኮት ላይ አልፎ አልፎ የሚጠፋ ፓኬት ቀርቶ ነበር። ለአገልግሎት ሰጪው ስደውል «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ማለት እንደማይጠቅም አስቀድሜ አውቅ ስለነበር፣ በኬብል የተለካ መሆኑን፣ ፓኬት የጠፋባቸውን ሰዓታትና ለራውተሩ የሚደረገው ፒንግ ንጹሕ መሆኑን ጠቅሼ አመለከትኩ። የመጣው ባለሙያ በፋይበሩ ላይ የሚደርሰውን የብርሃን ኃይል ሲለካ ከኔጌቲቭ 27 ዲቢኤም (የኃይል መለኪያ) በታች፣ ማለትም ወደ ኔጌቲቭ 29 ወርዶ አገኘው፤ የቤት መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚያስተማምኑት እስከ ኔጌቲቭ 27 ድረስ ነው። ምክንያቱም በደረጃው መውጫ በኩል የሚያልፈው ቀጭን ገመድ በብረት በር ማጠፊያ ላይ በጣም መታጠፉ ነበር። ፋይበር ካልተቆረጠ ይሠራል የሚለው ግምት ትክክል አይደለም፤ በጣም ከታጠፈ ብርሃኑ ያፈተልካል። በመዳብ ሽቦ የሚጠቀሙ ሰዎች ቤት ተመሳሳዩ ችግር በክረምት ውኃ በገባበት መገጣጠሚያ ሳጥን ላይ ይገኛል፤ በመደበኛው ስልክ ላይ ጆሮ ሲጥሉ የሚሰማ መንጫጫት ጥሩ ምልክት ነው።

ስለ መብራትም የጠየቁኝ አሉ። አንዷ ጎረቤቴ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ኔትወርኩ እንደሚበላሽ አጥብቃ ትናገር ነበር፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ መብራቱ ደብዘዝ ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን የራውተሩ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ እንደሚቀበል ስለተጻፈ፣ ኃይሉ ትንሽ ቢወርድ አይጎዳውም። የሚጎዳው ለቅጽበት ብልጭ ብሎ መጥፋት ነው፤ ራውተሩ ተነሥቶ እንደገና እስኪገናኝ ደቂቃዎች ይወስዳል። ለዚህ 12 ቮልት የሚሰጥ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ይበቃል፤ ሆኖም የፋይበሩ መሣሪያና ራውተሩ የተለያዩ ከሆኑ ሁለቱንም ማያያዝ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ሱሉልታ ስለሚኖሩት አጎቴ ልናገር፤ በእሳቸው ቤት ያለው የገመድ መስመር የሌለው፣ በሲም ካርድ የሚሠራ የ4ጂ ራውተር ነው። እዚያ ያለው ችግር የሰልፍ ሳይሆን የሲግናል ነበር። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ አርኤስአርፒ የሚባለው የሲግናል መጠን ከኔጌቲቭ 112 ዲቢኤም በታች ያሳይ ነበር። በቅንብር ገጹ ላይ ቁጥሩን እየተመለከትኩ በየመስኮቱ አዛወርኩት፤ ወደ ማማው በሚመለከተው መስኮት ላይ ወደ ኔጌቲቭ 94 ተሻሻለ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን የተሻለ ነው። ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ግን ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ እያለ ጥሪው ይጎተት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ማማውን የሚጋራው ሰው ስለሚበዛ ከቤት ሆኖ የሚስተካከል አይደለም። አጎቴ ከልጆቻቸው ጋር የሚነጋገሩበትን ሰዓት ወደ ጠዋት አዛወሩት።